የባሕር ሰዎች ዜማ በደብረ ብርሃን

ስለ ባሕር ሰዎች ልብ ወለድ የሚጽፉ ደራሲዎች አንድ የጋራ ብልጠት አላቸው። ከወገብ በላይ ሰው፣ ከወገብ በታች ዓሣ የሆኑትን ፍጡራን ከፀጉራቸው እስከ ቅርፊታቸው፣ የዕንቁ ማበጠሪያቸው ሳይቀር፣ ገጽ ሙሉ ይገልጹላችኋል። ከውሃው ሥር የሚያሰሙት ዘፈን ላይ ሲደርሱ ግን «የሰማው መርከበኛ ሁሉ እናቱንና አገሩን ረስቶ ወደ ጥልቁ ይገባ ነበር» ብለው አራት ነጥብ ያኖራሉ። ዜማው ምን እንደሚመስል አይነግሯችሁም። በአፍ ሙሉ ውሃ እንዴት እንደሚዘፈንም እንደዚሁ። አንባቢ ጨዋ ነው፤ አይጠይቅም። እኔም እንዲህ ያለውን ታሪክ ተውኔት አድርጌ ለደብረ ብርሃን ሕዝብ ላሳይ እስክነሣ ድረስ ጨዋ ነበርኩ።

ጊዜው በሃምሳዎቹ ነው፤ እዚያ አስተምር ነበር። ለትምህርት ቤታችን አዳራሽ የጣሪያ ቆርቆሮ የለገሱት አቶ ተሰማ፣ የጭነት መኪናዎች ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ መጥተው የሚመሰገኑበት ቀን ተቆረጠ፤ ተውኔቴም የሚታየው በዚያው ቀን ነበር። ሰውየው አንኮበር ተወልደው ገና በልጅነታቸው የወጡ ናቸው። ስለ ወላጆቻቸው ሲጠየቁ «በሕፃንነቴ አልቀውብኛል» ይላሉ። ከተማው ግን የሚያውቀውን ያውቃል፤ እናታቸው አስካለ አንኮበር ገበያ እንስራ የምትሸጥ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ የሞተችውም ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ለቀብሯ አልመጡም። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪን እንዴት እናይ እንደነበር ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ውሃችንን በእጇ ሥራ እንጠጣለን፣ ከእሷ ጋር ግን በአንድ ገበታ አንቀርብም፣ ከዘሯም አንጋባም። አቶ ተሰማ ደግሞ ሴት ልጃቸውን ለአንድ ፊታውራሪ ልጅ ሊድሩ ቃል ተገባብተዋል። ለአዳራሹ ምረቃ አብረዋቸው የሚመጡት እኒሁ ፊታውራሪ ነበሩ። ከተማው ይህንንም ስለሚያውቅ ዝም አለ። ቆርቆሮውም ዝም አሰኝቶናል።

ወደ ዜማው ልመለስ። ተማሪዎቼን አዘፈንኳቸው፤ እንደ ሰልፍ መዝሙር ሆነ። አዝማሪ አመጣሁ፤ ተማሪው ሁሉ እስክስታ ወረደ። በመጨረሻ ራሴን ጠየቅሁ፤ በእኛ አገር ሰምቶ እምቢ ማለት የማይቻል ዜማ የቱ ነው? ሙሾ ነዋ! ተጣልቶ የከረመው ይታረቅበታል፤ መንገደኛው በቅሎውን አስሮ ይገባል። ስለዚህ እስከ አንኮበር ድረስ ስማቸው የሚጠራ አልቃሽ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ቤት ሄድኩ።

«የሞተው ማነው?» አሉኝ ነጠላቸውን እያነሡ።

«ማንም አልሞተም። የባሕር ሰዎች ናቸው፤ ግማሽ ዓሣ።»

«ዓሣ ደግሞ ለማን ያለቅሳል?»

«ለማንም። ዜማውን ብቻ ነው የምፈልገው። ስም እንዳይጠሩ፣ እትዬ።»

«ስም ሳልጠራ እንባው ከየት ይምጣ? አንተ ልጅ፣ ኮሌጅ ይሄንንም አላስተማሩህ?» ብለው ሳቁብኝ። ግን እሺ አሉ።

ቀኑ ደረሰ። በትምህርት ቤቱ ቀለም የነከርነውን አቡጀዲ ተማሪዎች በሁለት በኩል ይዘው እያወዛወዙ ባሕር አደረጉት። እትዬ ማንጠግቦሽ ከጀርባው ጀመሩ። መጀመሪያ በጉርምርምታ ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች። በርኖስ የለበሱት ሽማግሌዎች ብድግ አሉ። ከጎረቤት ጠጅ ቤት ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው «ማን አርፎ ነው?» እያሉ ገቡ። መርከበኛ ሆኖ የሚጫወተው ተማሪ ንግግሩን ትቶ ይንሰቀሰቃል። ፊታውራሪውም ለወንድማቸው ይሁን ለማን ብቻ ቆመው ያለቅሳሉ። እኔ ደራሲው በደስታ ልሞት ምንም አልቀረኝ።

አልቃሽ ግን ሞቅ ሲላት ቅርብ ጊዜ የሞተበትን ሰው ፊት ትፈልጋለች። እትዬ ማንጠግቦሽ በጨርቁ ክፍተት የፊተኛውን ወንበር አዩ።

«የአንኮበሯ አስካለ!» አሉ።

«አፈር ስታቦኪ ልጅ ያሳደግሽበት፣
ያው አፈር ተጫነሽ ልጅሽ ሳይቆምበት።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ አቶ ተሰማ ዞረ። በመጽሐፉ ዜማውን የሰማ እናቱን ይረሳል፤ የእኛው ግን ግልባጩን ሠራ። ሰውየው የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሡ።

«አስካለ ማናት? ያውቋታል እንዴ?» አሉ ፊታውራሪው።

አቶ ተሰማ እንደዚያው፣ ተነሥተውም ሳይነሡም፣ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ባሕሩን ገልጠው ወጡ። ተቀማጩን አዩ፤ ቋሚውን ፊታውራሪ አዩ። ገባቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ነሡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ልጇ መስለውኝ ነው።»

አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግድ የለም እናቴ፣ ሰው ይመሳሰላል።»

«እውነት ነው፣ ይመሳሰላል!» አልን ሁላችንም ተሽቀዳድመን፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ፊታውራሪው ተቀመጡ። ባሕሩ እንደገና ተወዛወዘ፤ መርከበኛው በተራው ሰጠመ፤ ጎረቤታችንን ቀና ብለን ሳናይ ረዥም ጭብጨባ አጨበጨብን።

እትዬ ማንጠግቦሽ አላጨበጨቡም። የተጀመረ ልቅሶ በእንጥልጥል አይተውም ብለው ወጥተው፣ ከግድግዳው ውጭ ቆመው፣ የአስካለን ሙሾ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻቸውን አወረዱት። ድምፃቸው በመስኮቱ ይገባ ነበር። አቶ ተሰማ መሬት መሬት ያያሉ።

ተነሥቼ «ብርድ ገባ» ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት። ማንም አልተቃወመኝም፤ ደብረ ብርሃን ላይ መቼም ብርድ አይጠፋም።