ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ትራንዚስተር የማይሸጡት እትዬ

የጠየቁትን ዕቃ ሰጥቶ የሚሸኝ ነጋዴ አለ፤ ልጁን እንደሚድር አባት ሰባት ቤት ቆጥሮ፣ ነገር አጣርቶ የሚሸጥም አለ። ሁለተኛው ዓይነት ከየከተማው አንድ አይጠፋም። ለደብረ ብርሃን የደረሱን ክብርት ሊቀ ጠያቂያን እትዬ ወለተሐና ናቸው።

እትዬ ከገበያው ማዶ ባለች ጠባብ ሱቃቸው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ሬዲዮ ይጠግናሉ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሸጣሉ። «አንድ ትራንዚስተር» ያላቸው ሰው አለቀለት። «ምን ልታስነሳበት? ስንት አምፒር ይስባል? ሲነሳስ?» አባታቸው አሊዩ አምባ ገበያ በቅሎ ጫኝ ነበሩና መደምደሚያው ሁልጊዜ የአባታቸው ቃል ነው፦ «ጭነቱን ሳታውቅ አጋሰስ አትምረጥ!» እኔ ራሴ አንዴ ባትሪ ድንጋይ ልገዛ ገብቼ የግድግዳ ሰዓቴን የሕይወት ታሪክ ተናዝዤ ወጥቻለሁ።

ስለዚህ ባለፈው የካቲት ሸሸኋቸው። ባለቤቴ ናዝራዊት ዶሮ እርባታ ልትጀምር ቆርጣ፣ እኔ በሠራሁት ማስፈልፈያ ሣጥን ውስጥ ስልሳ እንቁላል አስቀምጣለች። ሙቀት ሲበዛ ትንሿን ማራገቢያ የሚያስነሳው አንድ ማይክሮኮንትሮለር፣ ጥፍር የምታክል አዛዥ ኮምፒውተር ነው። በአሥራ ስምንተኛው ቀን በመሀላቸው እንደ በር እየተከፈተ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ትራንዚስተር ተቃጠለ። ጥያቄ ፈርቼ ከሌላ ሱቅ አርባ ዘጠኝ አምፒር የሚችል ጎረምሳ ትራንዚስተር ገዛሁ። ትልቅ ነገር መቼ ይከዳል?

ከዳኝ። ማራገቢያው አቃሰተ፣ ጎረምሳው ጣቴን ለበለበኝ፣ የሣጥኑ ሙቀት ወደ ላይ ወጣ። ናዝራዊት «እንቁላሎቼ ተቀቀሉ!» እያለች በሰፌድ ስታራግብ ጎረምሳውን ነቅዬ በባጃጅ በረርኩ።

«እትዬ፣ ይድረሱልኝ!»

«ማራገቢያህ ስንት ይስባል?»

«እንቁላሉ እየተቀቀለ ነው እኮ!»

«እንቁላል አምፒር የለውም። ማራገቢያው?»

«ዜሮ ነጥብ ሁለት።»

«ማይክሮኮንትሮለርህስ በስንት ቮልት ነው የሚያዘው?»

«በሦስት ነጥብ ሦስት።»

እትዬ ጎረምሳዬን አገላብጠው አይተው ሳቁ። «ጉልበቱስ ጉልበት ነው፤ በሩ ግን ወለል ብሎ የሚከፈተው በአሥር ቮልት ነው። ገርበብ ባለ በር ጭነት ስታሳልፍ ይግላላ!» ከመሳቢያቸው ከባቄላ የማትበልጥ ትራንዚስተር አወጡ። እቺ በሦስት ቮልትም ወለል ትላለች አሉኝ። ማራገቢያው ሲጠፋ የሚመልሰው ኤሌክትሪክ እንዳይመታትም የሚከላከል አንድ ዳዮድ ጨመሩላት።

ቤት ደርሼ በየድኳት። ማራገቢያው ሽው ሲል ናዝራዊት ሰፌዱን ጥላ እልል አለች።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት እትዬ ሳይጠሩ መጡ። «ግላ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» ብለው ትራንዚስተሯን በጣታቸው ነኳት። ቀዝቃዛ ናት፤ ጉዳያቸው አበቃ። ነገር ግን አንድ ቅርፊት ተሰነጠቀ፣ ሌላ ተከተለ፣ እትዬም በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «እቺ ስንተኛዋ ናት? ያኛው ለምን ዘገየ? ታሞ ይሆን?» ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ከነጥያቄያቸው ወደድኳቸው።

እኩለ ቀን ላይ ስልካቸው ጮኸ። ከተዘጋው ሱቅ ደጃፍ ቆሞ የሚጠብቅ ደንበኛ ነው።

«ሥራ ላይ ነኝ፤ ከባድ ብልሽት ገጥሞኝ» አሉት፣ እርጥብ ጫጩት መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው።

እኔም ደንበኛው እንዲሰማ ጮክ ብዬ «እትዬ፣ ገና አርባ ይቀራል!» አልኩ።