ክብርት እትዬ ወረፋ

የመንግሥት ሆስፒታል ያለ ሐኪም ሊውል ይችላል፤ ሲውልም አይተናል። ያለ እትዬ ወረፋ ግን አንድ ቀን ውሎ አያውቅም! የሾማቸው የለም፣ ደመወዝ የላቸውም፣ እሳቸውም እንደኛው ታማሚ ናቸው። ግን ያበጠ ጉልበታቸውን ዘርግተው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ሲቀመጡ ኮሪደሩ መንግሥት አገኘ ማለት ነው።

አባቴን ትንፋሽ አጥሮት ይዤው የሄድኩ ዕለት፣ ገና ብቅ ከማለታችን፣ "ምኑን ነው የሚያመው?" አሉኝ። ክብርት እትዬ ሰውን የሚያውቁት በበሽታው ነው። አባቴ "ትንፋሽ" ተባለ፤ እኔ "የትንፋሽ ልጅ"። "ከጨጓራ ቀጥሎ ናችሁ። ጨጓራ ሽንት ቤት ሄዷል፤ ያ ጫማ ቦታውን ይዞለት ነው፣ እንዳትነኩት።" ጨጓራ በአንድ እግር ጫማ እንዴት እንደሄደ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ "አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ ልውጣ" እያለ በሩን ሲገፋ፣ "እኛስ እዚህ የተጎለትነው አንድ ነገር ልንጠይቅ አይደል?" ብለው ከመጣበት መለሱት። በሳቅ ፈረስን።

ወረፋው ግን ንቅንቅ አላለም። መጀመሪያ ሲስተም ተቋርጧል ተባለ። ሲስተሙ ሲመጣ የአባቴ ካርድ ጠፋ፤ ካርዱ ሲገኝ ሐኪሙ ስብሰባ ገቡ። አንጀቴ አርሮ ዘበኛውን በሹክሹክታ ልለምን ብጠጋ፣ "የትንፋሽ ልጅ! ተመለስ ወደ ቦታህ!" ተባልኩ። ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ሴት ናቸው አልኩ በሆዴ።

ሐኪሙ ተመልሰው አንድ ሁለት ሰው እንዳዩ የአባቴ ከንፈር ጠቆረ፤ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። "አባዬ!" ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ወረፋ በዚያ ጉልበታቸው ብድግ አሉ። "ወረፋ ቀርቷል! ኩላሊት፣ በዚያ በኩል ደግፈው! ጨጓራ፣ ተሽከርካሪ ወንበር አምጣ፣ ሩጥ!" በሩን በጡጫ ደበደቡት። ነርሷ ብቅ ብላ፣ "እናቴ፣ ወረፋ ይጠብቁ እንጂ" ስትል፣ "ወረፋው እኔ ነኝ! ዞር በይ!" አሏት። አባቴን ይዘን ገባን።

ኦክስጅን ተደርጎለት ዓይኑን ሲገልጥ በደስታ የምሆነውን አጣሁ። እትዬን ላመሰግን ብወጣ ኮሪደሩ ጭር ሊል ነው። ቀጣይዋ ተረኛ እሳቸው ነበሩ፤ ሐኪሙ አባቴን ለማትረፍ ሲታገሉ ሰዓት አልቆ የቀረው ሰው ሁሉ "ነገ ኑ" ተብሏል።

"ትንፋሽ እንዴት ሆነ?" አሉኝ።

"ተረፈ፣ እትዬ!"

ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

በማግስቱ እህቴን አባቴ አልጋ አጠገብ ትቼ፣ በማለዳ ወርጄ ከሁሉም ፊት ቦታ ያዝኩላቸው። ሲደርሱ ምስጋና ስጠብቅ ቁጣ ወረደብኝ። "ለሌላ ሰው ወረፋ መያዝ ክልክል ነው! አታፍርም?" ብለው እያነከሱ ሄደው መጨረሻ ላይ ቆሙ።

ጨጓራና እኔ ተያየን። ብድግ አለና ሄዶ ከኋላቸው ተሰለፈ። ኩላሊት ተከተለው። ከዚያ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው፣ አንድም ሳይጋፋ፣ ዞሮ ከእትዬ ወረፋ ኋላ ቆመ። ክብርት እትዬ ዘወር ብለው አዩን፤ የሚቆጡበት ሕግ ግን አጡ።