የቡፌያችን ጀርባ

«እማዬ፣ መጽሐፎቹ ምን አጥፍተው ነው የተቆለፈባቸው?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ምሕረት ናት። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ሆኗታል። ሳሎን ካለው ቡፌ ፊት ቆማ፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ነው የጠየቀችኝ። እኔስ ምን መለስኩላት? «መጀመሪያ አፍንጫሽን ከመስታወቱ አንሺ፤ አሁን ነው የወለወልኩት!» ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ግን እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሐዋሳ የሚኖረው ወንድሜ አራት የልጆች ተረት መጽሐፍ አመጣላት። አዲስ፣ ባለ ቀለም፣ ቀለሙ ገና የሚሸት። በማግስቱ አንዱ ገጽ ላይ የቦይና ፍርፋሪ አገኘሁ። ቦይና እናንተ ጎደሬ የምትሉት ነው። ቅቤ የነካ ቦይና ወረቀት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። አራቱንም ሰብስቤ በላስቲክ ሸፈንኳቸው። ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጎን አቆምኳቸው። ቆለፍኩ። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። «እጅሽን ታጥበሽ ጠይቂኝ፣ እከፍትልሻለሁ» አልኳት። እሷ እጇን ስትታጠብ እኔ ገበያ ነኝ። እኔ ስመለስ እሷ ትምህርት ቤት ናት። ሁለታችንም ስንገናኝ ደግሞ እንግዳ ሳሎን ተቀምጧል። እንዲህ እንዲህ እያለ መጠየቁን ተወችው። እኔም፣ እውነት ለመናገር፣ ተገላገልኩ አልኩ።

ክፋት እንዳይመስላችሁ። የተቀደደ መጽሐፍ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ።

ያደግኩት ወላይታ፣ ሻንቶ ከተማ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ያኔ ፌስታል እንደዛሬው አልበዛም፤ አሮጌ መጽሐፍ እየሰበሰበች ስኳርና ጨው ትጠቀልልበት ነበር። በገበያ ቀን የእኔ ሥራ ገጽ እየገነጠልኩ ማቀበል ነው። እየገነጠልኩ አነባለሁ፤ አክስቴ «እጅሽ ይፍጠን!» ትለኛለች። አንድ ቀን ታዲያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ፍየል አገኘሁ። አፏ የማያርፍ ፍየል! ከጎረቤት እንስሳ ሁሉ ተጣልታ፣ ብቻዬን እኖራለሁ ብላ ስትሄድ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። የተጣላቻቸው እንስሳት በሙሉ ጠርዙ ላይ ተሰብስበው ቁልቁል ያዩዋታል። ገጹ እዚህ ላይ አለቀ። ቀጣዩን ብፈልግ የለም። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ግማሽ ኪሎ ስኳራቸውን በእሱ አስጠቅልለው ከሱቁ እየወጡ ነው።

ሥራዬን ጥዬ ተከተልኳቸው።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ስኳሩንስ የት ላድርገው? ኪሴ ውስጥ?»

እውነታቸውን ነው። ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ሚስታቸው ስኳሩ እስኪገለበጥ ብለው ቦይና ሰጡኝ። ተቀምጬ ስልጥ፣ ሴትየዋ ስኳሩን ገልብጠው በወረቀቱ እሳት አያያዙበት። ዓይኔ እያየ! ቦይና የሰጡኝን ሴትዮ እንዴት እቆጣለሁ? ቦይናውን እያለቀስኩ በላሁት። ሱቅ ስመለስ አክስቴ የጠበቀችኝን አልነግራችሁም።

እንግዲህ የልጅነቴ ተወዳጅ መጽሐፍ ይኸው ነው፤ ሽፋን የለው፣ መጨረሻ የለው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተማርኩም፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆምኩ። አግብቼ ሶዶ ገባሁ፣ ወለድኩ። ፍየሏ ግን እስካሁን ጉድጓድ ውስጥ ናት። አንዳንዴ ልብስ ሳጥብ ትዝ ትለኛለች። በእኔ ቤት መጽሐፍ አይቀደድም ያልኩት ለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠሩን። የወላጆች ስብሰባ ታውቃላችሁ? አንድ አባት ተነስቶ «የዛሬ ልጅ ስልክ እንጂ መጽሐፍ አያውቅም፤ በእኛ ጊዜ እኮ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ በሙሉ ጨርሰን ነው ያደግነው!» አለ። ሰውየውን አውቀዋለሁ። አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ቤተ መጻሕፍት አልነበረንም፤ ክፍላችን በር እንኳ አልነበረውም። ሰው ፊት ሰው ማሳፈር ደግ አይደለም ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ የአማርኛ መምህሯ ተነሳችና ከክፍሉ ሁሉ ምሕረት ጎበዝ አንባቢ ናት አለች። «ቤታችሁ ጥሩ የንባብ ልማድ ቢኖር ነው፤ እናትየዋ ልትመሰገን ይገባል» አለች።

ቤታችን የምናወራው ወላይትኛ ነው። አማርኛው ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። መጻሕፍቱን በንጽሕና ስለያዝኩ ነው አልኩ በልቤ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ምስጋናውን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ቁልፉም እዚያው አንገቴ ላይ ነበር።

ዘንድሮ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫችን፣ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ቤት ቀለም ለመቀባት ዕቃ ማውጣት ጀመርን። ዘመን ሲለወጥ ቤቱም ይታደሳል። ባለቤቴ ቡፌውን በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ይዘን ከግድግዳው ስንስበው፣ የጀርባው ስስ ችፑድ ተላቆ እግሬ ላይ ወደቀ። ሚስማር የለውም። ሚስማሮቹ በብልቃጥ ተጠራቅመው ከቡፌው ሥር ተቀምጠዋል። በሥርዓት!

አንዱን መጽሐፍ አነሳሁት። ቀለለኝ። ላስቲኩ አለ፣ ሽፋኑ አለ፤ ውስጡ የካርቶን ቁራጭ ነው። ሁለተኛው፣ ካርቶን። ሦስተኛው፣ ካርቶን። አራተኛውም እንዲሁ። እኔ በየቅዳሜው ከቆመበት ሳላነሳ በደረቅ ጨርቅ የምወለውለው የብስኩት ካርቶን ነው ማለት ነው!

«ምሕረት!»

መጣች። ችፑዱን አየች፣ እኔን አየች።

«በምን ነቀልሽው?»

«በማንኪያ እጀታ።»

«መቼ?»

«ቆይቷል።»

ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ እዚህ እቃጠላለሁ፣ እሱ ይስቃል።

ጌታ ሆይ ትዕግሥት ስጠኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ውስጣቸውስ የት ሄደ? ሰፈር ውስጥ ነው አለች። እያንዳንዱን መጽሐፍ ከስፌቱ ላይ ለይታ በአራት ከፍላዋለች። አንዱ ልጅ የመጀመሪያውን ክፍል ሲጨርስ፣ ሁለተኛውን ከያዘው ጋር ይለዋወጣል። «አንድ ሰው ብቻ ከያዘው ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ? ይጠብቃሉ?» አለችኝ፣ እኔን ልታስተምር።

«ቀደድሽው ማለት ነው!»

«አልቀደድኩም፤ ለያየሁት እንጂ።»

«ቆሽሾ ይሆናል!»

«የአንቺ መጽሐፍ ቅዱስስ? መዝሙረ ዳዊት ላይ ቅቤ አለበት እኮ።»

አባቷ ይህን ጊዜ በግልጽ ሳቀ። እውነቷን ነው፣ አለበት። ወጥ እያማሰልኩ ነው የማነበው። ጠርዙ ተበልቷል፣ በእስክሪብቶ ተሰምሯል፤ እሱን ማንም ቆልፎበት አያውቅም።

ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ሂጂና ሰብስቢ አልኳት። ሳይመሽ በየቤቱ ዞራ አመጣችው። ወይኔ የገጾቹ መልክ! የጭቃ ጣት፣ የዘይት ጠብታ፣ አንዱ ላይ ስም ተጽፎበታል፣ ሌላው ላይ ለንጉሡ ጢም ተስሎለታል። መርፌና ክር ይዤ ልሰፋው ተቀመጥኩ። ለመስፋት ቅደም ተከተሉን ማወቅ አለብኝ፣ ለማወቅ ደግሞ ማንበብ። ሦስቱ ሞሉልኝ፣ ሰፋኋቸው። አራተኛው ስለ አንድ ገበሬ ነው። በሬውን ሊሸጥ ገበያ ሄዶ በበሬው ጥሩምባ ለውጦ ይመጣል። በበሬ! ጥሩምባ! ሚስቱ በሩን ዘጋችበት። እኔም ብሆን አልከፍትለትም። ደጅ ላይ ሆኖ ለመነ፣ አልከፈተችም። ጎረቤት ወጥቶ ማየት ጀመረ። ገበሬው ጥሩምባውን ወደ አፉ አነሳ፣ ትንፋሹን ሳበ...

ገለበጥኩ። የለም።

«የቀረው የት አለ?»

«ኤልሻዳይ ጋ። ሳንለዋወጥ ነው ከሰፈር ለቀው አረካ የገቡት፤ አባቷ ሥራ ሲዛወር።»

«ታዲያ አንቺስ መጨረሻውን አታውቂም?»

«አላውቅም» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሁልጊዜ አስበዋለሁ፣ እማዬ። ከፍታለት ይሆን?»

መርፌውን አስቀመጥኩ። ልጄን የተመለከትኳት ያን ጊዜ ነው። ሰላሳ ምናምን ዓመት ጉድጓድ አፍ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ አሁን እሷንም አጠገቤ ላቆማት ነው?

ባለቤቴ፣ «ከፈተችለት በያት በቃ፣ ምን ችግር አለው?» አለ። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ከእኔ በላይ የተማረው!

በማግስቱ ጠዋት ቀለሙን ከነባልዲው፣ ዕቃውን ደጅ እንደተደረደረ፣ ባለቤቴንም እንደቆመ ትቼ ምሕረትን ይዤ የአረካ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አረካ ወርደን በባጃጅ እየጠየቅን ቤቱን አገኘነው። የኤልሻዳይ እናት ደስ ብሏት አቅፋ ሳመችን። ኤልሻዳይ ከአባቷ ጋር ወጥታለች። ሰላምታው ሳያልቅ ስለ ወረቀቶቹ ጠየቅኳት።

«ውይ፣ አለ፣ አለ! አታስቢ» አለችኝ። «የሰው ዕቃ ነው፣ ልጆች እንዳይቀድዱት ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።» እጇን ዘርግታ ወደ ሳሎኑ ጥግ አሳየችኝ። ባለ መስታወት ቡፌ። ከብርጭቆዎቹ ኋላ የገበሬው መጨረሻ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆሟል። «ቁልፉን ግን አባቷ ይዞት ወጥቷል። ማታ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ተቀመጡ፣ ቦይና ቀቅያለሁ።»

ቦይና!

ዞር ስል ምሕረት አጠገቤ የለችም። ቡፌውና ግድግዳው መሃል ገብታ ጀርባውን በጣቷ ቀስ አድርጋ ታንኳኳለች።

«የኤልሻዳይ እናት» አልኩ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ እያሰርኩ፣ «ቦይናው ይቆየን። አንድ ማንኪያ ብቻ አቀብዪኝ።»