የቆቅ አደን ፈቃድ ልጠይቅ ሄጄ

ዛሬ ሞጣ ላይ የሆንኩትን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ትስቃላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ ከእንግዲህ ስታዩኝ መንገድ ትቀይራላችሁ። ቢሆንም ልንገራችሁ!

እንደምታውቁኝ ዓይን አፋር ነኝ። ባጃጅ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ከቤቴ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ።

ቀስት ሲነሳ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ!

የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ክለብ ውስጥ ነው። ቢቸና ሥራ ከያዝኩም በኋላ አልተውኩትም። ቅዳሜና እሁድ ሞጣ እሄድና ከአክስቴ ከእትዬ ብርቄ ጓሮ ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ጭድ የሞላሁትን ጆንያ በፍላጻ ስወጋ እውላለሁ። ቀስቱንም እዚያው አስቀምጠዋለሁ። አውቶቡስ ላይ ይዤው ስወጣ «እህቴ፣ እስቲ በማሲንቆሽ አንዴ!» የሚል አይጠፋማ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ የመጀመሪያዬን የቆቅ አደን ልወጣ ነው። በቀስት! በሕጋዊ መንገድ!

«ሕጋዊ» የምትለዋን አስምሩባት። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የት እንደሚታደን፣ መቼ እንደሚከለከል፣ የትኛው እንስሳ ጭራሽ እንደማይነካ፣ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ችግሩ፣ መመሪያው ስለ ጠመንጃ እንጂ ስለ ቀስት እምብዛም አያወራም። ሞጣ ያለውን የዱር እንስሳት ባለሙያ ብጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

«በቀስት ላድን ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። መሣሪያሽን አምጪና ልየው፤ ደንቡንም እጠይቅሻለሁ። ካሳመንሽኝ ለበላይ አቀርብልሻለሁ።»

ቀጠሮው ዛሬ ጠዋት ነበር። ካላሳመንኩት ዘንድሮ ቀረ ማለት ነው።

በማለዳ ከቢቸና ተነስቼ እትዬ ብርቄ ቤት ደረስኩ። ቀስቴን በነጠላ ጠቅልለው፣ ድርብ ቋጠሮ ቋጥረው በር ላይ ጠበቁኝ። የሆነ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱና «በይ ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ» ብለው ተዉት። እንዴት ያሉ አክስት ናቸው ብዬ መርቄያቸው ሮጥኩ።

እኔ ጥንቁቋ፣ በሬን ቆልፌ እንደገና ተመልሼ የማረጋግጠው ልጅ፣ ነጠላውን አልፈታሁትም!

ቢሮው ጢም ብሏል። ዝንጀሮ እህላቸውን የፈጀባቸው ሰዎች አቤት ሊሉ መጥተዋል። ባለሙያው እነሱ ፊት ጠየቀኝ። ያውም እኔን ዓይን አፋሯን! ግን መለስኩ! ደገመኝ፣ መለስኩ! ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል። ኮንፊደንሴ ጣሪያ ነካ!

«የመጨረሻ ጥያቄ» አለ። «ባለፈቃዱ መሣሪያውን ለሌላ ሰው ቢያውስስ?»

«በፍጹም!» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «ከእሱ እጅ ሌላ የማንም እጅ አይነካውም!»

«ጎበዝ! በይ ፍቺው።»

ፈታሁት።

ጥጥ።

ነጭ፣ ለስላሳ፣ በደንብ የተነደፈ ጥጥ ብን ብሎ ወጣ። የባለሙያው መነጽር ላይ ሄዶ አረፈ። ቀስቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሽበት አብቅሏል። የተወጠረበትም የእኔ ክር አይደለም፤ ጅማት ነው።

ማስረዳት አላስፈለገኝም። እዚያ ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ በደጋን ጥጥ ሲነደፍ እያየ ያደገ ነው!

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ዝንጀሮውን በባዘቶ ልታባርሪልን ነው?» አሉ።

አጠገባቸው ያሉት አባት ተቀበሏቸው፦ «ተዪያት እንጂ፣ ቆቁን ጋቢ ልታለብሰው ይሆናል!»

ባለሙያው አስነጠሰው። ከዚያ መነጽሩን እየጠረገ «የማንም እጅ አይነካውም አልሽ?» አለኝ።

እኔ ከአፌ የወጣልኝ «አክስቴ... ናቸው» ብቻ ነው። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

እሱም እየሳቀ ፈረደ፦ «አንቺ አልፈሻል፤ ቀስቱ ወድቋል። የዛሬ ሳምንት ጥጡን አራግፈሽ፣ የራሱን ክር መልሰሽ አምጪው። ከዚያ ወዲያ ግን እጅ እንዳይገባበት!»

ሰማችሁ? አልተባረርኩም! አንቺ አልፈሻል ነው ያለኝ!

ወደ እትዬ ብርቄ በረርኩ። ልቆጣ ነበር፤ እውነቴን ነው።

«የኔ ደጋን ተሰበረብኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ያንቺው ደግሞ ያለ ሥራ ተገትሮ አየሁት። ጠዋት ልነግርሽ ብዬ ነበር፤ ፊትሽን ሳየው ፈራሁ።»

«ክሩስ?»

«እሱማ አይጮህም። ጥጥ የሚፈታው ጅማቱ ሲጮህ ነው። ፍየሏን አሰርኩበት።»

ዞር ብዬ አየሁ። ፍየሏ በውድድር ክሬ ታስራ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ታመሰኳለች።

«ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ጥጥ ለማን ነው?»

«ለማን ይሆናል! ጎሕ ሳይቀድ ቆቅ ስትጠብቂ ብርዱ እንዳይገድልሽ፣ ጋቢ ላሠራልሽ ነዋ!»

በቃ። ቁጣዬ በረደ። እሳቸውን አቅፌ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ፍየሏን ፈታሁ።

ይኸው አሁን ቢቸና ተመልሼ ነው የምጽፍላችሁ። ፀጉሬ ውስጥ ጥጥ አለ፤ ክሬ ፍየል ፍየል ይሸታል፤ እኔ ደግሞ ደስታዬን የማደርግበት አጥቻለሁ! እትዬ ብርቄም ሸማኔውን አጣድፈው ጋቢውን ለአደኑ ሊያደርሱልኝ ምለዋል።

ስለዚህ ሕግ የምታውቁ፣ እባካችሁ ኮሜንት ላይ መልሱልኝ፦ ያ ባለሙያ ጫካ ድረስ መጥቶ በቀስቴ የተነደፈውን ጥጥ ለብሼ ቢያየኝ፣ የለበስኩት ጋቢ ነው ወይስ ማስረጃ?