መካኒክ ይዤ የገዛሁት የልጅ ጋሪ

እኔ የምለው፣ እኛ አገር ብቻውን ዕቃ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በግ ልትገዙ ስትሄዱ የበጉን ወገብ ጨብጦ “ይሄ አጥንት ነው፣ እንለፈው” የሚላችሁ ሰው ይዛችሁ ነው። ቴሌቪዥን ከሆነ ኤሌክትሪክ የተማረ የአክስት ልጅ አይጠፋም። መኪና ከሆነማ፣ ያለ መካኒክ ሄዶ ለተታለለ ሰው የገዛ እናቱም አታዝንለትም።

እንግዲህ እኔም ለልጄ ጋሪ ልገዛ ስነሳ መካኒክ ይዤ ሄድኩ። አትሳቁ። ጎማ አለው አይደል? ጎማ ያለው ነገር ሁሉ መካኒክ ይፈልጋል ብሎ ያሳደገኝ ይሄው ከተማ ነው።

ግን መጀመሪያ ጋሪ ለምን እንዳስፈለገን ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ፈረንጅ ልሁን ብሎ ነው ትሉኛላችሁ።

አማቴ እማማ አስካለ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፣ ከሾላ ገበያ ጀርባ በተከራየናት ቤት። ሚስቴ ምሕረት ባንክ ትሠራለች፣ እኔ ማተሚያ ቤት። ልጃችንን ኤልዳናን ከአራት ወሯ ጀምሮ የያዙልን እሳቸው ናቸው፤ ያውም በጀርባቸው። ጠዋት አዝለዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ አዝለዋት ሾላ፣ ከዚያ አዝለዋት ለቅሶ። ልጅቱ ከእኔ ፊት ይልቅ የአያቷን ማጅራት ነበር በደንብ የምታውቀው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ሲወርዱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ልጅቱ ጀርባቸው ላይ ነች። አንድ ጧፍ የሚሸጥ ሰው፣ እግዜር ይስጠው፣ ሮጦ ደገፋቸው እንጂ ዛሬ ይህን እየሳቅኩ አልነግራችሁም ነበር። ሐኪሙ ጉልበታቸውን አየና ሁለት ነገር አዘዘ። ልጅ ማዘል ይቅር፣ ከዘራ ይያዙ።

ማዘሉን እያለቀሱም ቢሆን ተዉት። ከዘራውን ግን “እኔ አስካለ? ምርኩዝ?” አሉና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወረወሩት። ከዘራ የሚይዝ ያረጀ ሰው ነው አሉ። ዕድሜያቸውን እንዳትጠይቁኝ። እኔ አላውቀውም፣ ምሕረትም አታውቀውም፣ እሳቸውም በየዓመቱ ይቀንሱታል እንጂ አያውቁትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት መውጣት ተዉ። ያለ ከዘራ መንገድ አይዘልቁም፤ በከዘራ ደግሞ ሰው ፊት አይወጡም። ቅዳሴ ቀረ። ሾላ ቀረ። ማኅበር ቀረ። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው ወጪ ወራጁን ማየት ሆነ ሥራቸው። ምግብም ቀነሱ። በመጨረሻ የፈራነው መጣ፤ “ሸኖ ልሂድ፣ አገሬ ልሙት” ማለት ጀመሩ። ሸኖ ማን አላቸው? ማንም። ባላቸው ሞተዋል፣ ቤታቸው ተከራይቷል። ምሕረት ማድ ቤት ገብታ ተደብቃ ታለቅሳለች። እኔም፣ አማቱን የሚወድ ወንድ ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል እንጂ፣ እወዳቸዋለሁ። እሳቸው የሌሉበት ቤት ቤት አይመስለኝም።

የጋሪው ሐሳብ የመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ማዘል ከተከለከሉ ይግፏታ፣ ልጅቱን ይዘው እየወጡ ይናፈሳሉ አልን። ብልህ የሆንን መስሎን ነው።

መካኒኬ ሸምሱ ይባላል። ጋራዡ ገርጂ ነው። የእኔን አሮጊት መኪና እስከ ዛሬ በሕይወት ያኖራት እሱ ነው። የልጅ ጋሪ ልገዛ ነውና አብረኸኝ ና ስለው ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። እሱ ግን እጁን በጨርቅ ጠረገና “ባለ ስንት ጎማ?” አለኝ።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ የልጅ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ወደዚያ ሄድን። ሻጯ ጥፍሯ የረዘመ፣ አማርኛዋ ያጠረ ልጅ ነች። “ይሄኛው ስትሮለር ባለ ሦስት ነው፣ ለጆጊንግ ራሱ ይሆናል፣ በጣም ስሙዝ ነው” አለችን። ሸምሱ ተንበረከከና ጋሪውን ገለበጠው። ጎማውን አሽከርክሮ ጆሮውን አስጠጋ። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካካ። ከዚያ ቀና ብሎ ሊብሬ አለው ወይ ብሎ ጠየቃት። ለቀልድ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሻጯ ግን ዋራንቲ አለው አለችው፣ በኩራት።

ከዚያ ክርክር ተነሣ። ባለ ሦስት ወይስ ባለ አራት? ሸምሱ የባለ አራት ወገን ነው። ባጃጅ ሲገለበጥ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለጠላቴም አልመኝም አለ። እኔ ደግሞ የሰፈሬን መንገድ አውቃለሁ። ከአትላስ ወደ መድኃኔዓለም ያለው የእግረኛ መንገድ እኮ አሁን ጠረጴዛ ሆኗል፤ እዚያ ላይ ጋሪ አይደለም ድስት ብትገፉ ይሄዳል። ወደ እኛ ሰፈር ስትታጠፉ ግን ኮብልስቶኑ ይጀምራል። ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ጉድጓዱ፣ ጉድጓዱ ሲያልቅ የቱቦው ክዳን፣ ያውም ክዳን ካለው። የባለ አራቱ ጎማ ደግሞ ብርቱካን የምታህል ነች። ቱቦው ላይ ተሰንቅራ ከነልጅቱ ቆማ መቅረቷ ነው።

በቃል ስላልተስማማን ለሙከራ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረድን። ሳይነዳ የሚገዛ ነገር አለ እንዴ? ሸምሱ ልጅቱ ስንት ኪሎ ናት አለኝ። ዐሥር ትሆናለች አልኩት። ከጎን ካለው ሱፐርማርኬት ሁለት ባለ አምስት ሊትር ዘይት አስገዛኝ። ዘይቶቹን ባለ ሦስቱ ጋሪ ላይ አስቀመጠ፣ ቀበቶ አሰረላቸው፣ ከዚያ እየሮጠ የመኪና ፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ነዳው። ይታያችሁ፣ ጢማም ሰውዬ፣ ቱታ ለብሶ፣ በልጅ ጋሪ ዘይት እያንሸራሸረ። ሻጯ ስልኳን አውጥታ ቀረጸችው። ሰው ተሰበሰበ። የቦሌ ሰው ሁልጊዜ ይቸኩላል ይባላል፤ ያን ቀን የቸኮለ አላየሁም።

ፍርዱን የሰጡት የሕንፃው ጥበቃ ናቸው። ጋሽ ቶሎሳ ይባላሉ፣ ፎቁ ሳይኖር በፊት እዚያው ቦሌ ጤፍ ያረሱ ሰው ናቸው። ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ወለሉ ካልተስተካከለ ሥሩ ወረቀት ታጥፎ ይገባለታል አሉ። ጉልቻ ግን ሦስት ነው፤ ዳገትም ላይ ጣለው፣ ድንጋይም ላይ ጣለው፣ ይቆማል፣ ድስቱም አይዘምም አሉ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሸምሱ ትንሽ አሰበና እጅ ሰጠ፤ ነገር ግን በቅድመ ሁኔታ ነው የሰጠው። ሲቆም ጉልቻ ነው፣ ኩርባ ሲታጠፍ ባጃጅ ነው፣ ስለዚህ የማይሮጥ ሹፌር ይፈልጋል አለ። ለመሆኑ ሹፌሩ ማነው አለኝ። አማቴ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል አልኩት። “በል ክፈል” አለኝ።

ጋሪው ቤት ገባ። እማማ አስካለ ከላይ እስከ ታች አዩት። ልጅ ይታዘላል፣ ጋሪ የቆሻሻ ነው አሉ። ደግሞስ ልጅ ፊቷን ለመንገደኛ ሁሉ ገልጣ ስትሄድ የሰው ዓይን አይበላትም ወይ አሉ። ማዘል ከተከለከልኩ ቤት እይዛታለሁ እንጂ በዚህ ዕድሜዬ ባጃጅ አልነዳም ብለው ጨረሱት። ጋሪው በረንዳ ላይ ቆመና ልብስ ማስጫ ሆነ። ምሕረት ካልሲ እያሰጣችበት፣ ያ መካኒክህ ሰው መጠገን አይችልም ወይ አለችኝ። 

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ስልኬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። የግቢውን በር ስከፍት እማማ አስካለ ቀጥ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን የጋሪው መያዣ ላይ ጥለው፣ ከበረንዳው ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወደ በረንዳው ይመላለሳሉ። ኤልዳና ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። እማማ አያነክሱም። ሲያዩኝ ደንገጥ አሉ፤ ወዲያው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው “ልጅቱ አየር ትፈልጋለች፣ ምን ላድርግ” አሉኝ። ቀጠሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይሄ መያዣው ትንሽ ዝቅ ይላል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ የልጅ ጋሪ የገዛን መስሎናል። ለካ ሦስት ጎማ ያለው ከዘራ ነው የገዛነው፣ ያውም ማንም አይቶ ከዘራ ነው የማይለው። መያዣውን ዝቅ አደረግኩላቸውና ስልኬን ይዤ እንደወጣሁ ለምሕረት ደወልኩላት። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ሁለታችንም ተማማልን፤ እዚያ ቤት ውስጥ ከዘራ የሚል ቃል የተነፈሰ ወዮለት።

ከዚያማ ማን ይያዛቸው። ቅዳሴ ተመለሰ። ሾላ ተመለሰ፤ ልጅቱ ከላይ፣ ሽንኩርቱ ከታች ቅርጫቱ ውስጥ። ማኅበር ላይማ ጭራሽ ሰባኪ ሆኑ፤ ለልጅ ልጆቻችሁ ጋሪ ግዙላቸው እንጂ፣ እስከ መቼ ትጎብጣላችሁ ይላሉ አሉ። ሸኖን ያነሣ የለም። አንድ ቀን ሸምሱ ሊጠይቀን መጣ። እማማ ለብቻው ጠሩትና “የኔ ልጅ፣ ቁልቁለት ላይ እኮ ይዞኝ ይሮጣል” አሉት። ከዚያ ቶሎ ብለው፣ ልጅቱን ማለቴ ነው አሉ። ሸምሱ ነቄ ነው። በማግስቱ ከብስክሌት የተፈታ የእጅ ፍሬን አምጥቶ ገጠመላቸው። ለልጅቱ ደኅንነት ነው አላቸው። መርቀው አልጠገቡትም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ። ግን ልጅ ያድጋል፣ ምን ይደረጋል።

ኤልዳናን ወፌ ቆመች ስንላት ከረምንና አንድ ቀን እውነትም ቆመች። ከቆመች በኋላ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠላች። ጋሪው ላይ ስትደረግ ወገቧን ገትራ ሰፈሩን ትቀውጠዋለች። እማማ በብስኩት ይለምኗታል። ተቀመጪልኝ እናቴ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ብቻ ይሏታል። ብስኩቱን በልታ ትወርዳለች። ባዶ ጋሪ ደግሞ እንዴት ይገፋል? ሰው ምን ይላል?

አንድ እሑድ እማማ ልጅቱን ለምሕረት ትተው ጋሪውን ብቻ እየገፉ ወጡ። የጋሪው ክዳን እስከ ታች ወርዷል። ግራ ገባኝና ተከተልኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንዲት የማኅበር ጓደኛቸው ልጅቱን ልሳማት ብላ ጎንበስ ስትል፣ እማማ እጇን ያዝ አድርገው ተኝታለች፣ ደግሞም የሰው ዓይን አለ አሏት። ሴትየዋ አልተቀየመችም፤ ከሩቅ ሆና እደጊ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ ብላ መርቃ ገባች። እኔ ጠጋ ብዬ ከክዳኑ ሥር አየሁ። በሥርዓት ታጥፎ፣ ቀበቶ ታስሮለት፣ ምርቃቱን የተቀበለው የእኔ ጋቢ ነው። እማማ አስካለ ዘወር ብለው አዩኝና፣ አንተን ደግሞ ምን አስከተለህ አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ምሳ ላይ እያለን እኅቴ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌዋለሁ፣ እጄ ወጥ ነክቷል። ልትወልድ ተቃርባለች፤ ያ ጋሪያችሁ ሥራ ከፈታ ለእኔ ስጡኝ አለች። እማማ አስካለ የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት። ስልኩን እስክዘጋ ጠበቁ። ከዚያ ተረጋግተው፣ ለመሆኑ ሰው አንድ ልጅ ብቻ ወልዶ ይቀመጣል እንዴ አሉ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል አልሰማችሁም አሉ። ጋሪው የትም አይሄድም፣ ባለቤቱ ይመጣል አሉና ጉርሻቸውን አነሡ። እኔና ምሕረት ተያየን።

ምን ላስረዝምባችሁ፣ ምሕረት አሁን ሦስት ወሯ ነው። ለጋሪው ተብሎ ነው አልልም። አይደለም ብዬም አልምልም። ሰው ለልጁ ጋሪ ይገዛል፤ እኛ ለጋሪው ልጅ ልንወልድለት ነው።

ለእማማ ስንነግራቸው እልል አሉ፣ መሬት ሳሙ፣ ስለት ተሳሉ። ከዚያ ቁጭ አሉና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ስድስት ወር እስኪወለድ። ከዚያ ደግሞ ጋሪ ላይ ቀና ብሎ እስኪቀመጥ ሌላ ስድስት ወር። ተሳስቻለሁ ብለው እንደገና ቆጠሩት። ፊታቸው ጠቆር አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ አዲሶቹ ጎረቤቶቻችን ሕፃን አላቸው አይደል አሉኝ። አዎ፣ የስምንት ወር ልጅ አላቸው፣ ምነው እማማ አልኳቸው።

“እስከዚያው እሑድ እሑድ ያውሱኝ በልልኝ” አሉ።