በአየር ላይ የተሸከምኩት መርዶ

ክፉ ወሬ በማለሳለስ እኛን የሚያህል ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ሰው ሞቶ ሳለ “ትንሽ አሟት ነው፣ እስቲ ብቅ በል” እንላለን። የተጠራውም ሰው መንገዱን ሙሉ “ትንሽ” የምትለዋን ቃል እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ይመጣል፤ ደጃፉ ላይ ድንኳን ሲያይ ምርኩዙ ይከዳዋል። እናንተም ብላችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ተብላችሁም ይሆናል። እኔ ያደግሁት በዚሁ ነው፤ ልክ ነው ብዬም አምናለሁ። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ሰው ጎኑ ቆሞ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ እንዳላወጣው ግን እርግጠኛ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሃምሳ አለቃ ረሺድ ጅግጅጋ በአንድ ክፍል ስናገለግል ቆይተን፣ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ለሰላም ማስከበር ተላክን። እኔ የሕክምና ረዳት ነኝ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ። እሱ የውሃ ቦቴ ሹፌር፣ የቀብሪበያ ልጅ። ጅግጅጋ ሳለን በእረፍት ቀን እናቱ ቤት ይዞኝ ይሄድ ነበር። እናቱ አማርኛ አያውቁም፤ የእኔ ሶማልኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ታዲያ ምን ቸገራቸው! የግመል ወተት ሞልተው ይሰጡኝና እስክጨርስ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። የመጀመሪያው ቀን ሆዴ ምን እንዳደረገኝ አልነግራችሁም። ልጆቻቸው “ሆዮ” ይሏቸዋል፤ እናቴ ማለት ነው። እኔም ሆዮ አልኳቸው።

የአገልግሎት ጊዜያችን አብቅቶ፣ አገራችን የሚመልሰን የጦር አውሮፕላን ሜዳው ላይ ቆሞ ተራችንን ስንጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የረሺድ እህት ሆዳን ነበረች።

“ጌታቸው፣ ሆዮ ሞተች” አለችኝ። “ዛሬ ቀትር ላይ። ወንዶቹ ሊቀብሯት አሁን ይዘዋት ወጡ። ወንድሜን ብቻውን እንዳትተወው፣ እሺ?”

ሌላ ልጠይቃት ስል መስመሩ ተቋረጠ። ያለንበት አገር ሰዓት ከአገራችን ወደኋላ ይቀራል። ሆዮ ያረፉበት ቀትር እኛ ጋ ገና አልደረሰም ነበር።

ዞር ብዬ ረሺድን አየሁት። ራቅ ብሎ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። አያውቅም፣ አልኩ በልቤ። እዚህ ብነግረው ማን ይደግፈዋል? እህት የለች፣ አጎት የለ። አገሩ እስኪገባ እኔው ልቻለው፤ ቀብሪበያ፣ ወገኖቹ መሃል ሆኖ ይስማ ብዬ ወሰንኩ።

የጦር አውሮፕላን ተሳፍራችሁ ካላወቃችሁ፣ መስኮት አጠገብ ልቀመጥ ብሎ ነገር የለም። ግድግዳውን ታክኮ በተዘረጋ የሸራ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ትደረደራላችሁ፤ መሃሉን በመረብ የታሰረ ዕቃ ይዞታል። ጩኸቱ ወሬ አያስወራም። እኔ ግን ረሺድ ዝም ካለ ያስባል፣ ካሰበ ይጠረጥራል ብዬ ፈራሁ። እናም አፌን ጆሮው ላይ ደቅኜ የማውቀውን ቀልድ ሁሉ እየጮኽኩ አወራሁለት። የአዛዣችንን አረማመድ፣ የወጥ ቤቱን ሩዝ፣ ሽማግሌ ልኬ የደረሰብኝን ሁሉ። ሳቀ። እያንዳንዱን ሳቀልኝ። በሳቀ ቁጥር ሌላ እጨምርለታለሁ።

እሱ ደግሞ በየመሃሉ “እስቲ የልጅህን ፎቶ አሳየኝ” ይለኛል። ልጄ የተወለደችው እኔ ከዘመትኩ በኋላ ነው፤ ገና በዓይኔ አላየኋትም። አሳየዋለሁ፣ ትክ ብሎ ያያታል፣ ስልኬን ይመልስልኛል።

ወደ ምሥራቅ ስለምንበር ቀኑ አጠረብን፤ ከሰዓት በኋላው ሳይጠገብ ጨለመ። ረሺድ ከበረራ ሠራተኞቹ አንዱን ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ጠቆመ። መካም አገራችንም በዚያው በኩል ነበሩ። ረሺድ ቀበቶውን እንዳሰረ፣ ተቀምጦ ሰገደ። ከወትሮው ረዘመ። ደክሞት ይሆናል አልኩ።

መሃል አገር አድረን በማግስቱ በሌላ አውሮፕላን ጅግጅጋ ገባን። ረሺድ ሻንጣዬን አንሥቶ ሰጠኝና “በል ሂድ፣ ልጅህን እይ” አለኝ።

“መጀመሪያ አንተን ላድርስ።”

እሱ እምቢ፣ እኔ እምቢ። ጅግጅጋ መምህርት የሆነችው ባለቤቴ ልጃችንን ታቅፋ ትጠብቀኛለች። ደወልኩና “ትንሽ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው” አልኳት። ያቺው “ትንሽ”። ከዚያ ቀብሪበያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከረሺድ ጎን ገብቼ ተቀመጥኩ።

ከተማዋ ከሩቅ ስትታይ ግን አቃተኝ። ይህ ሰው ፈገግ እንዳለ ደጃፉ ላይ ሊወርድ ነው?

“ረሺድ፣ ሆዮ ትንሽ አሟቸው ነበር…” ብዬ ጀመርኩ።

እጄን ያዘኝ። “አውቃለሁ። ሳንሳፈር ሆዳን ደውላ ነግራኛለች።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

“ልጅህን ልታይ እየሄድክ ነው። ደስታህን በእኔ ሐዘን ላበላሽብህ? አይተሃት ስትጠግብ እነግረዋለሁ አልኩ።” ቀጥሎም “ያን ሁሉ ቀልድ ለምን እንደምታወራ ግን አልገባኝም ነበር። አብዛኛው ደግሞ አያስቅም” አለ።

“ታዲያ ለምን ትስቅ ነበር?”

“በጣም ስትለፋ አየሁህ።”

እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እናቱ የሞቱበት ሰው ጀርባዬን ይደባብስ ጀመር። ከፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ዞረው አዩንና ምንም ሳይጠይቁ ለእኔ ውሃ አቀበሉ።

ቤቱ ስንደርስ ለሐዘን የተቀመጡት ወንዶች ከምንጣፉ ተነሡ። ረሺድ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁን ዘርግቶ አብሯቸው ዱዓ አደረገ። እኔ የሆዮን በር ባየሁ ጊዜ እንደገና ባሰብኝ። ሁለታችንም የለበስነው አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ነው። ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተመሩ መጡና የሚያለቅሰውን ወታደር መርጠው አቀፉ። በሶማልኛ ብዙ ነገር አሉኝ፤ ከዚያ ሁሉ የገባኝ “ሰሚር ኢዮ ኢማን” የሚለው ብቻ ነው። ትዕግሥትና እምነት ይስጥህ ማለት ነው፤ ለሟች ልጅ የሚባል።

ስህተታቸውን እንዲያርምልኝ ረሺድን ቀና ብዬ አየሁት። አላረማቸውም። ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።