ጓድ በለጠ የለቀቀልኝ ወንበር

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል ብላችሁ በዚያ በደርግ ዘመን ብትጠይቁ፣ መልሱ እንደምትጠይቁት ሰው ነበር። የአውቶቡስ ሹፌሩን ከጠየቃችሁ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ በየኬላው የይለፍ ወረቀት አሳይቶ፣ መንገድ ላይ አድሮ፣ በማግሥቱ አቧራ ለብሶ የሚገባበት አገር ነው። በአውሮፕላን የሄደውን ከጠየቃችሁ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ፤ አስተናጋጇ የሰጠችውን ከረሜላ መጦ ትንሽ ሸለብ ሲያደርገው ደርሷል። እኔ ይህን የማውቀው በወሬ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጸሐፊ አውሮፕላን የሚያየው ጣና ላይ ዞሮ ሲወርድ፣ አንጋጦ ነው።

ባለቤቴ የሺ መውለጃዋ ሲቃረብ ደም ፈሰሳት። ሐኪሙ መርምሯት ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«እዚህ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ የለንም፤ ዛሬውኑ አዲስ አበባ አድርሳት» አለኝ። «በአውቶቡስ እንዳታስበው። ያን መንገድ አትችለውም።»

አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የሺ ግድግዳ ተደግፋ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች። ብቻዋን እንዴት ልስደዳት? ቲኬት ቆራጩን ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ መልሼ ለመንሁት።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ።

ዘወር ብል ጓድ በለጠ! የፋብሪካችን ካድሬ ነው። በውይይት ክበብ ያንቀላፋሁ ዕለት በሰው ፊት አስነሥቶ ያቆመኝ፣ በሩቅ ሳየው መንገድ የምቀይርለት ጓድ በለጠ። አለቀልኝ አልሁ። እሱ ግን እኔን ትቶ የሺን አየ። ከዚያ ከካኪ ኮቱ ኪስ ቲኬቱን አውጥቶ ለቆራጩ ዘረጋለት።

«በእኔ ቦታ እሱን ጻፍ።»

«ጓድ፣ እርስዎስ? ስብሰባ አለብዎ አይደል?»

«አብዮቱ አንድ ቀን ይታገሠኛል» አለና ሻንጣውን አንሥቶ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደ።

ጣናን ከላይ አየኸው ወይ ብትሉኝ፣ ያየሁት የየሺን ፊት ብቻ ነው። እጄን ጨምድዳ ይዛ «ደረስን?» ትለኛለች፤ «ደረስን» እላታለሁ፤ አልደረስንም። ያች አንድ ሰዓት ገደማ የተባለችው የምታልቅ አልመስል አለችኝ። ልጃችን በዚያው ዕለት በቀዶ ጥገና ተወለደች። ሐኪሟ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብላ ጀመረች። አላስጨረስኋትም።

ጓድ በለጠ ስብሰባው ላይ ዘግይቶ ደርሶ፣ «አውሮፕላን አመለጠኝ» ብሎ ግለ ሂስ ማድረጉን የሰማሁት ባሕር ዳር ከተመለስን በኋላ ነው። ላመሰግነው ቢሮው ገባሁ። ገና አፌን ስከፍት እጁን አወናጨፈብኝ።

«ዝም በል! ይኸ ነገር ከተሰማ፣ ከእንግዲህ ክበብ ላይ የሚያንቀላፋው ሁሉ ሚስቴ እርጉዝ ናት ሊለኝ ነው።»

ልወጣ በሩን ስይዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

«ለመሆኑ… ሁለቱም ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው ጓድ። ሴት ልጅ ናት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ፣ በረዥሙ ተንፍሶ።

ከዚያ ደንገጥ ብሎ ተነሣና መስኮቱን ዘጋው።